የቱርቦ ጌጅ ሲዘልል፦ የፋብሪካውን ማስጠገን፣ መካኒካል መግጠም ወይስ ኤሌክትሮኒክ?

ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮሎራዶ ካለችው ኦሮራ ተነስቼ አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ተራራው እየወጣሁ ነበር። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው የቱርቦ ጌጁ፣ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን አየር ግፊት የሚያሳየው፣ ቀስቱ 1.5 ባር ድረስ ወጣች። ወዲያው 1 ላይ ወረደች። ደግማ ዘለለች። መኪናው ግን ያው ነው። ጉልበቱ አልቀነሰም፣ ድምፁ አልተለወጠም። ቀስቷ ብቻ ትጨፍራለች።

መኪናው የ1987 ፖርሽ 944 ቱርቦ ነው። ወደ አርባ ዓመት የተጠጋ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የዕድሜ ጉዳይ ነው። ጎማው ይደርቃል፣ ሽቦው ይላላል። እኔ ግን ደነገጥኩ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ኮፈኑን ከፍተው አዩና «ቱርቦው አልቋል፣ ይውረድ» አሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ያህላል። እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያዳኑኝ እዚሁ ሰፈር ያሉ፣ አዲስ አበባ ረጅም ዓመት መካኒክ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ በአንድ ምስክር ይፈረዳል እንዴ? ሁለተኛ ጌጅ አምጣና አጠገቡ አድርገህ እይ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጅ ዘለለብኝ ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «የቱን ልግዛ?» ብለው ነው። ምርጫው ሦስት ነው። የፋብሪካውን ጌጅ ማስጠገን፣ ቱቦ ቀጥታ የሚገባበት መካኒካል ጌጅ መግጠም፣ ወይም በሴንሰር የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ጌጅ። ሦስቱም ቦታ አላቸው። የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን የሚወሰነው ግን ዳሽቦርዳችሁ ላይ ያለው ጌጅ ወሬውን ከማን እንደሚሰማ በማወቅ ነው። ይህን ሳያጣሩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ሞተር ያስበላል።

ጌጁ የሚሰማው ማንን ነው?

የድሮ ቱርቦ መኪኖች በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ።

ሳብ 900 ቱርቦ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ዳሽቦርድ ውስጥ ገብቶ ጌጁ ላይ ያርፋል። ጌጁ ቁጥር እንኳ የለውም፣ ቀለም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቀስቷ ከዘለለች ወይ ቱቦው ነው፣ ወይ ጌጁ ራሱ፣ ወይ እውነተኛው ግፊት። ሌላ የሚጠረጠር የለም።

የ1990ዎቹ ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ ቱርቦ ሌላ ዓለም ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ኖርማል በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ማለቴ ነው። የእሱ ጌጅ ግፊት አይለካም። ኮምፒውተሩ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር መጠንና የሞተሩን ዙር ያይና ግፊቱን ይገምታል። ቀስቷ የምታሳየው ያንን ግምት ነው። የአየር መለኪያው ከቆሸሸ ወይም ከተበላሸ ግፊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቀስቷ ትዛባለች። ይህን የማያውቅ ሰው የሌለ የግፊት ሴንሰር ፍለጋ ቀኑን ይፈጃል።

944 ቱርቦ በሁለቱ መካከል ነው፤ በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም እሱ ላይ ነው። ከማኒፎልዱ፣ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል፣ የሚነሳ ቱቦ በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ አልፎ ይገባል። ከዚያ ተሳፋሪው እግሩን በሚያሳርፍበት ቦታ፣ ከምንጣፉና ከጣውላው ሥር ያለች ሳጥን ላይ ይገጠማል። ሳጥኗ ኬኤልአር ትባላለች። የግፊት ሴንሰሩ ውስጧ ነው። ሴንሰሩ ያነበበውን በሽቦ ወደ ጌጁ ትልካለች። ጌጁ ደግሞ በሞተር ዙር መቁጠሪያው የታችኛው ክፍል ላይ የተቀመጠው ትንሹ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኬኤልአር የተሠራችው ለጌጁ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር፣ ማለትም ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለ አግባብ ሲፈነዳ፣ ሰምታ ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት ወደኋላ ትጎትታለች፣ ግፊቱንም ታወርዳለች። ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ሞተሩን የምትከላከለውም እሷ ናት። ስለዚህ ቀስቷ የምትዘልለው ቱቦው ስለተሰነጠቀ ከሆነ ሞተሩን የሚጠብቀው ዘበኛም በከፊል ታውሯል ማለት ነው። ግፊቱ ከመጠን ቢያልፍ እሷ ጋ የሚደርሰው ከእውነቱ ያነሰ ነው። አዲስ ጌጅ ገጥሞ የድሮውን «ይጨፍር ተወው» ማለት ኤክሊፕስ ላይ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። 944 ላይ ግን አይቻልም።

ሳትገዙ በፊት፦ ሁለተኛውን ምስክር ጥሩ

መጀመሪያ ምንም ሳትፈቱ ቀስቷ መቼ እንደምትዘልል ልብ በሉ። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ነው? ዳሽቦርዱን በእጃችሁ መታ መታ ስታደርጉ ነው? የፊት መብራትና የማሞቂያውን ማራገቢያ ስታበሩ ነው? እንዲህ ከሆነ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። ከጌጁ ጀርባ ያለ የላላ ማገናኛ ወይም ደካማ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦ። የሙቀቱና የዘይቱ ጌጅም አብረው ንቅንቅ ካሉ ደግሞ ተገላገላችሁ። ማሳው የታሰረበትን ቦታ አጽዱ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ማገናኛዎቹን አጽዱ። ገንዘብ አይወጣም።

ቀስቷ ቀስ ብላ የምትወጣ፣ ዘግይታ የምትወርድ ወይም ሁልጊዜ ዝቅ ብላ የምታነብ ከሆነ ቱቦ ጠርጥሩ። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ፣ ያለ ምንም ምክንያት የምትዘልል ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን።

ከዚያ የእጅ ፓምፕ ያዙ። ሁለቱንም የሚሠራውን፣ አየር የሚስበውንም የሚገፋውንም፣ ፈልጉ። 944 ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው። ምንጣፉን ገልጣችሁ፣ ጣውላውን አንስታችሁ፣ ቱቦውን ከኬኤልአር ንቀሉና በምትኩ የፓምፑን ቱቦ ግጠሙ። ቁልፍ ክፈቱ፣ ሞተር አታስነሱ። ቀስ እያላችሁ አየር ሳቡ። ቀስቷ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ለስላሳ ሆና መውረድ አለባት፤ ፓምፑን ስታቆሙም እዚያው መቆም። ቀጥሎ ግፉ፣ ትውጣ። በለስላሳ ወጥታ ከቆመች ሴንሰሩም ጌጁም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ቱቦው ላይ ወይም ከእሱ ወዲያ ነው። ብትዘልል ከሳጥኗ እስከ ጌጁ ያለው መንገድ ላይ ነው። በዝግታ ብትመለስ አየር የሚያፈስ ነገር አለ። መጀመሪያ የፓምፑን የራሱን ግጥሚያ ፈትሹ፤ እኔ ግማሽ ሰዓት የፈጀሁት እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ርካሽ መካኒካል ጌጅ ነው። በቲ መጋጠሚያ ኬኤልአር አጠገብ ቱቦው ላይ ሰኩት። መንገድ ላይ ውጡ። ጌጁን የሚያነበው ግን አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይሁን፤ የምትነዱት እናንተ ዓይናችሁ መንገዱ ላይ ይሁን። ሁለቱ ቀስቶች አብረው ከወጡና አብረው ከወደቁ ጌጁን አትውቀሱት፤ ግፊቱ ራሱ ነው የሚዋዥቀው። መካኒካሉ ረግቶ የፋብሪካው ብቻ ቢዘልል ኤሌክትሪክ ነው። መካኒካሉም ዝቅ ብሎና ዘግይቶ ካነበበ ከዚያ ነቅላችሁ ማኒፎልዱ አጠገብ ሰኩት። እዚያ ትክክል ካነበበ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ቱቦ ተቀዷል ማለት ነው።

የእኔ እንዲህ ነው የተገኘው። ሳጥኗ አጠገብ ዝቅ ያለው ጌጅ ማኒፎልዱ ጋ ሲሰካ ቀጥ አለ። ቱቦውን ከግድግዳው በኩል ስስበው በእጄ ላይ ተቆረጠ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ጎንበስ ሲያደርጉት ግን እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰነጠቃል። ውስጡ በዘይት ጠቁሯል። 944 ላይ ቱርቦው የተቀመጠው ከማኒፎልዱ ሥር ነው። ቱቦዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ከእሳት በላይ ተሰቅለው ኖረዋል። ሁለት ሜትር የማይሞላ አዲስ ቱቦ ገዛሁ። ያ ሁሉ «ቱርቦው አልቋል» የአንድ ምሳ ዋጋ ሆኖ አረፈው።

ቁጥሮቹ ባይገጥሙ አትደንግጡ

ሁለት ጌጅ ጎን ለጎን ስታዩ የምትወድቁበት ወጥመድ አለ። የ944 ጌጅ የሚያነበው ከፍጹም ባዶነት ጀምሮ ነው። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት ባሕር ጠረፍ ላይ 1 ባር ያሳያል፤ ያ የከባቢው አየር ግፊት ነው። መደበኛው 944 ቱርቦ እስከ 1.75 ይደርሳል። ቱርቦው የጨመረው 0.75 ባር ነው ማለት ነው፣ በአሜሪካኖቹ የግፊት መለኪያ ወደ 11 ፒኤስአይ። ገበያ የሚሸጠው መካኒካል ጌጅ ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው የሚያሳየው።

አሁን ከፍታን ጨምሩበት። እኔ ያለሁት ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር በላይ ነው። የከባቢው ግፊት 0.83 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ስከፍት ቀስቷ 1 ላይ ሳትደርስ ብትቆም ልክ ናት። መካኒካሉ 10 ፒኤስአይ፣ ማለትም 0.7 ባር ገደማ ሲያሳይ፣ የፋብሪካው 1.5 ማሳየት አለበት። 1.7 አይደለም። አይ-70 ተራራውን የሚያቋርጥበት አይዘንሃወር ዋሻ ጋ ስትደርሱ ከፍታው 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ሞተር ሳይነሳ የሚታየው ሁለት ሦስተኛ ባር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ0.8 ትንሽ ያንሳል። አገር ቤት በናፍጣ ፒክአፕ ላይ ጌጅ ለሚገጥሙም ይህ ሂሳብ ያው ነው።

ስለዚህ ስታነጻጽሩ የከባቢውን ግፊት ደምሩ። አለዚያ ቁጥሩን ትታችሁ እንቅስቃሴውን ብቻ እዩ።

የፋብሪካውን ማስጠገን

944 ላይ የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ። ሳጥኗ የምትሰማው ሁሉ ትክክል መሆን አለበት።

በቱቦው ጀምሩ። ደህና ቢመስልም ቀይሩት። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ምረጡ፤ ስሱ ሞተሩ አየር ሲስብ ይጨፈለቅና ሌላ ሐሰተኛ ንባብ ያመጣል። ብዙ ሰው ባለ ቀለም ሲሊኮን ይወዳል። ሙቀት ይችላል፣ እውነት ነው። ዘይት ግን ይጎዳዋል፣ በቱርቦ ሞተር ማኒፎልድ ውስጥ ደግሞ የዘይት ጭጋግ አይጠፋም። እኔ ለዘይትም ለሙቀትም የተሠራ ጥሩ ጎማ ነው የመረጥኩት።

ጥፋቱ ሳጥኗ ላይ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ያገለገለ መግዛት ወይም የራሳችሁን ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ መስጠት። ያገለገለው የእናንተን ያህል ያረጀ መሆኑን አትርሱ። ዛሬ ሠርቶ ከርሞ ሊዘልል ይችላል። የክፍሉ ቁጥር ከእናንተው ጋር መግጠሙንም አረጋግጡ። የራስን ማሠራት ይዘገያል፣ ግን እኔ ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። ጥፋቱ ጌጁ ጀርባ ከሆነ ደግሞ ጌጆቹ ያሉበትን ክፍል ከዳሽቦርዱ ማውጣት ግድ ነው፤ ፕላስቲኩ በዕድሜ ደርቋልና በካቻቢቴ አትፈልቅቁት።

ኤክሊፕስ ላይ ምክሬ ይገለበጣል። ግምት የሚያሳይ ጌጅ ለማስጠገን ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። የአየር መለኪያውን ፈትሹ፣ ከዚያ እውነተኛ ጌጅ ግጠሙ።

መካኒካል ጌጅ

ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አይዋሽም። ግፊቱ በቱቦ መጥቶ ውስጡ ያለችውን የተጠማዘዘች የነሐስ ቧንቧ ይዘረጋታል፣ እሷ ቀስቷን ታንቀሳቅሳለች። በቃ። ለምርመራ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። መግዛት ባትፈልጉ እንኳ ተዋሱ።

ለዘለቄታው ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው ቱቦው ነው። ከጌጁ ጋር የሚመጣው ቀጭን ፕላስቲክ ቱርቦው አጠገብ ካለፈ ይቀልጣል። የቀለጠ ቱቦ ማለት አየር የሚያፈስ ማኒፎልድ ማለት ነው። ሁለተኛው መንቀጥቀጡ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጡት፣ ሲሠራ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር ሲስብ ቀስቷ ትርገበገባለች። ይህ ብልሽት አይደለም። ቱቦው ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ያላት ማነቂያ ብታስገቡ ትረጋለች። ቀዳዳዋ በጣም ከጠበበች ግን ቀስቷ ትሰንፋለች፤ በቅጽበት የሚወጣ አደገኛ ግፊት ሳታሳያችሁ ያልፋል።

የምትሰኩበትም ቦታ ይመረጥ። ወደ ነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ የሚሄደው ቱቦ ላይ አትሰኩ። እሱ ላይ ትንሽ ብታፈስ ለሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ ይዛባል። 944 ላይ የኬኤልአርንም ቱቦ ለፈተና ካልሆነ በቀር አትንኩ። ማኒፎልዱ ላይ የራሱ መውጫ ስጡት።

ኤሌክትሮኒክ ጌጅ

ዋጋው ከመካኒካሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው። ሴንሰሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ሽቦ ብቻ ነው። የደረሰበትን ከፍተኛ ግፊት መዝግቦ የሚያሳይም አለ። እኔ ለዘለቄታው ከፋብሪካው ጎን እንዲሠራ የገጠምኩት ይህንን ነው።

ሲገጠም ሦስት ነገር ይታይ። ሴንሰሩ ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ከማኒፎልዱ የሚወስደው ቱቦ አጭር ይሁን። ማሳው ደግሞ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር፤ የሬዲዮ ወይም የመብራት ሽቦ ላይ አይንጠልጠል። ደካማ ማሳ ላይ የታሰረ አዲስ ጌጅ ከድሮው ብሶ ይዘልላል።

ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዜሮውን የሚይዘው እንዴት ነው? አንዳንዱ ቁልፍ ሲከፈት የአካባቢውን አየር አንብቦ ከዚያ ይጀምራል። አንዳንዱ ደግሞ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ይመስል ሁልጊዜ 1 ባር ይቀንሳል። ሁለተኛው ዓይነት ደንቨርም ሆነ አዲስ አበባ ሞተር ሳይነሳ ከዜሮ በታች ያሳያል። ተበላሽቶ አይደለም፣ ግን ሳታውቁ ከገዛችሁት ሱቅ ስትመላለሱ ትከርማላችሁ።

ሁለቱም ቀስቶች አብረው ከወደቁ

ያኔ ጌጅ መምረጡን አቁሙ። የሚያፈስ ነገር ወይም የሚሳሳት መቆጣጠሪያ አለ። ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር እስከሚያቀዘቅዘው)፣ ከዚያም እስከ ማኒፎልዱ ያሉትን ትልልቅ የጎማ መጋጠሚያዎች ፈትሹ። የአየር መንገዱን ዝቅ ባለ ግፊት ሞልታችሁ የሳሙና ውሃ እርጩ፤ አረፋው ቦታውን ያሳያችኋል። ቀጥሎ ዌስትጌቱን እዩ፣ የተረፈውን ጭስ ቱርቦውን ሳይነካ የሚያሳልፈውን በር። 944 ላይ ከቱርቦው ተለይቶ ለብቻው የተቀመጠ ነው፤ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል፣ በሩም በደንብ መግጠም ያቆማል። እሱን የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ቫልቭና ቱቦዎቹም አብረው ይታዩ።

ግፊቱ የሚወድቀው ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡ፣ በተለይ በሞቃት ቀን ከሆነ ኬኤልአር ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰምታ እያወረደችው ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ሥራዋን እየሠራች ነው። ጥሩ ቤንዚን ሙሉና ደግማችሁ ሞክሩ። ካልተለወጠ ነዳጁ እየደረሰ መሆኑን ሳታጣሩ ሙሉ ነዳጅ አትስጡ።

የእኔ መኪና አሁን ሁለት ጌጅ አለው። ጠዋት ቁልፍ ስከፍት፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ የፋብሪካው ቀስት 0.8ን ትንሽ አልፋ ትቆማለች፣ ኤሌክትሮኒኩ ዜሮ ላይ። ሁለቱ እዚያ ካልቆሙ ሳልነዳው ምንጣፉን እገልጣለሁ።